«ከነሱ ሌላ ማን ያውቃል?»

ይህን ፖስት ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ስንፍና አይደለም፤ አክስቴ እስክትፈቅድልኝ ነው። አሁን ፈቅዳለች። «የኔንም የድርጅቱንም ስም እንዳትጠራ፤ ሌላውን ግን ጻፈው፣ ሌላ ሰው እንዳይበላበት» ብላኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ማክሰኞ ማታ 32 ሺህ ብር ላከችላት፤ ገንዘቡ አክስቴ ስልክ ላይ ባለው የሞባይል ገንዘብ አካውንት ገባ። በማግስቱ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ትሁት ወጣት ነው። ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠራት። «እናቴ፣ ትላንት ማታ ከዱባይ 32 ሺህ ብር ገብቶልዎታል አይደል? ሲስተም እያስተካከልን ስለሆነ ገንዘቡ እንዳይታገድብዎት ነው የደወልነው። አሁን አንድ ኮድ ይደርስዎታል፣ ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ኮዱ የሷን አካውንት በሌላ ስልክ ለመክፈት የሚያገለግል ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አካውንቱ ባዶ ሆነ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ለልጇ አልነገረቻትም። አፍራ ነው። እኔም የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ድርጅቱ ጋ አብረን ሄድን። ያነጋገረችን ልጅ ጨዋ ነች፣ ምንም አልወጣትም። መልሷ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ «ኮዱን የሰጡት እርስዎ ኖት። ኮድ ለማንም እንዳይሰጡ በሜሴጅ እናሳስባለን።» እውነቷን ነው፤ ያሳስባሉ። አክስቴ ያኔ ቀና ብላ የመለሰችላትን ግን እስካሁን ልረሳው አልቻልኩም።

«ልጄ፣ ሰውዬው ስሜን ከነአያቴ ያውቃል። ስንት ብር እንደገባልኝ ያውቃል። ከየት እንደመጣም ያውቃል። ይሄን ከናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

ልጅቷ ዝም አለች።

እኔ ለዓመታት ተማሪዎቼን ስለ መረጃ ደኅንነት ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ጥያቄ ግን ከክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። አክስቴ ሞኝ ሆና አልተታለለችም። ማንነቱን አጣርታለች! ሰውዬው ድርጅቱ ብቻ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ነገራት፤ ስለዚህ የድርጅቱ ሰው ነው ብላ ደመደመች። አስተሳሰቧ ልክ ነው። የተሳሳተው ድርጅቱ ብቻ ያውቀዋል የተባለው ነገር ድርጅቱ ጋ ብቻ አለመቅረቱ ነው።

ስለ መረጃ ጥበቃ ስናወራ ብዙ ጊዜ «ስሜና ስልኬ ቢታወቅ ምን ይመጣብኛል? የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል መልስ እሰማለሁ። የሚመጣው ይሄ ነው። የወጣው መረጃ ራሱ ገንዘብ አይወስድም፤ ለሌባው ግን መታወቂያ ይሆንለታል። ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ የላኪ አገር፤ እነዚህን አራት ነገሮች የያዘ ሰው የድርጅቱን ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በር እንዳንኳኳ ቁጠሩት።

መረጃው ከየት ወጣ? አላውቅም። ድርጅቱም አያውቅም፤ ቢያንስ ያቺ ልጅ አታውቅም። እኔ የማውቀው እንዲህ ያለ መረጃ በተለምዶ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮፍያ አጥልቆ የሚተይብ ሐከር አይደሉም።

በየፊንቴኩ የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎች አሉኝ። ቡና ስንጠጣ የሚነግሩኝን ሁሉ እዚህ ብጽፈው ሥራቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ አቀላቅዬ ልናገር። አንዱ ቤት አምስት የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች በአንድ ፓስወርድ ይገባሉ። ማን የማንን አካውንት እንደከፈተ መለየት አይቻልም፤ ሲስተሙ የሚያየው አንድ ሰው ነው። ሌላው ቤት ደንበኛ ቅሬታ ሲያቀርብ የመታወቂያው ፎቶና የሂሳቡ ስክሪንሾት ሠራተኞቹ የከፈቱት ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይለጠፋል፤ ግሩፑ ውስጥ ከድርጅቱ ከለቀቁ ዓመት ያለፋቸው ልጆች አሁንም አሉ። በሌላ ቤት ደግሞ ፕሮግራመሮቹ አዲስ ነገር ሲሞክሩ የእውነተኛ ደንበኞችን ዳታቤዝ እንዳለ ገልብጠው በየላፕቶፓቸው ይዘውት ወደ ቤት ይሄዳሉ። «ለቴስት ነው ቲቸር» ነው መልሱ። ላፕቶፑ ታክሲ ውስጥ ሲረሳስ?

ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ፈተና ላይ «ሰሌክት ስታር» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማርክ እቀንስበት ነበር። ስትስቁብኝ ነበር። «መልሱ ወጥቶ የለ እንዴ?» ትሉኝ ነበር። መልሱማ ወጥቷል፤ የምትፈልገው አንድ ዓምድ ሆኖ ሳለ ሠላሳውን ጠርተህ ነው እንጂ። የሚያስፈልግህን ብቻ ጠይቅ የሚለው ነገር የትምህርት ቤት ደንብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነበር ሐሳቤ። የአክስቴን ቅሬታ የሚሰማው ሠራተኛ የሚያስፈልገው ገንዘቡ መግባት አለመግባቱ ነው። ልጇ የት አገር እንዳለች ስክሪኑ ላይ ለምን ይታየዋል?

የውስጥ ሰው ነገር የኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቼ ካሽ አፕን ሳትጠቀሙ አትቀሩም። ባለቤቱ ብሎክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ይፋ ባደረገው መሠረት፣ ከሥራ የለቀቀ አንድ ሠራተኛ በዲሴምበር 2021 የደንበኞች ሪፖርቶችን አውርዶ ወስዶ ነበር፤ የሙሉ ስምና የአክሲዮን አካውንት ቁጥሮችን። ኩባንያው ወደ 8.2 ሚሊዮን ለሚጠጉ የአሁንና የቀድሞ ደንበኞቹ ማሳወቅ ነበረበት። ልብ በሉ፤ በር የሰበረ የለም። ልጁ ሥራ ላይ እያለ ሪፖርቶቹን ማየት የዘወትር ሥራው ነበር። ሲለቅ በሩ ሳይዘጋ ቀረ፤ በቃ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ምክንያቱም «ሕግ የለንም» የሚል ኮመንት ከወዲሁ ይታየኛል። ሕግ አለን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ለተባለለት ዓላማ ብቻ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት አለው፤ ጥሰት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በወረቀት ላይ ደኅና ሕግ ነው። ከሱ በፊትም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነበር፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም ነበር። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ አለ፤ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶች የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ በሩን የከፈተው እሱ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 መጡ። ቴሌብር ብቻውን ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ እንዳለው ይነገራል። እንግዲህ የዚያን ሁሉ ሰው ገቢና ወጪ፣ ማን ለማን እንደላከ፣ በስንት ሰዓት እንደላከ የሚያውቁ ሲስተሞች በአምስት ዓመት ውስጥ ተተክለዋል ማለት ነው። እነሱን የሚመለከተው የመረጃ አዋጅ ግን የመጣው ኋላ ነው፤ ልማዱ ከተተከለ በኋላ።

እስቲ ስለ 72 ሰዓቷ አንድ ነገር ልበል፤ የተማሪነት ልባችሁን ይዛችሁ ስሙኝ። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው አንድ ሰው ጥሰቱን ሲያውቅ ነው። አምስት ሰው በአንድ ፓስወርድ የሚገባበት ድርጅት ደግሞ መቼም አያውቅም። አንድ ሠራተኛ የአክስቴን ገጽ ከፍቶ ለወንድሙ በስልክ ቢነግረው፣ ሲስተሙ ዘንድ የተመዘገበው «የደንበኛ አገልግሎት ሥራ» ነው። የተሰበረ የለም፣ የጮኸ አላርም የለም፣ ለባለሥልጣኑ የሚላክ ደብዳቤም የለም። አጥብቆ የሚመዘግብ ድርጅት ጥፋቱን አውቆ ይናዘዛል፤ የማይመዘግበው ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ትልቁን ሐከር የሚከላከል ፋየርዎል ገዝቶ ሠርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ድርጅት፣ «ትላንት የዚህችን ሴትዮ አካውንት ማን አየው?» ሲባል መልስ ከሌለው ሠርተፊኬቱ ለምኑ ነው?

ኤስቶኒያ የምትባለውን ትንሽ አገር ለተማሪዎቼ ሁሌ የምጠቅሰው ለዚህ ነው። እዚያ ዜጋው ወደ መንግሥት ፖርታል ገብቶ የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ መረጃውን እንዳየ ራሱ ማየት ይችላል። ሐኪም ያለ ምክንያት ፋይልህን ቢከፍት ታየዋለህ፣ «ለምን?» ብለህ ትጠይቃለህ። ቴክኒኩ ተአምር አይደለም፤ ሎግ ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚሠራው ሎግ። የገንዘብ መተግበሪያዎቻችን ውስጥ «አካውንትህን ያዩ ሰዎች» የሚል አንድ ገጽ ቢኖር፣ የሠራተኛው ስም እንኳ ባይጻፍ፣ ቀኑና ምክንያቱ ብቻ ቢታይ፣ እጁን ሊልክ ያሰበ ሁሉ ሁለቴ ያስባል።

የመጋቢት 2016ቱን የንግድ ባንክ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ታስታውሳላችሁ፤ መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ሲስተሙ ተዛንፎ ሰው ከሂሳቡ በላይ ሲያወጣ አደረ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ኤቲኤሞች ተጨናነቁ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ በኋላም የተወሰደው ወደ 800 ሚሊዮን ብር እንደሆነ፣ አብዛኛውም እንደተመለሰ ገለጸ። እስከዚህ ድረስ እሺ። ከዚያ ግን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ በር ላይ ለጠፈ። ያኔ ብዙዎቻችን ሳቅን። ሚም ሠራን። እኔም አንዱን ሼር አድርጌያለሁ፤ አልዋሽም።

የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፤ ካልመለሰ ይከሰስ። በዚህ አልከራከርም። ግን ፎቶው ለባንኩ የተሰጠው አካውንት ለመክፈት ነበር። ግድግዳ ላይ ለመሰቀል አልነበረም። ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ በገዛ ሲስተሙ ስህተት በተጀመረ ጉዳይ፣ ባንኩ ደንበኛ አምኖ የሰጠውን ነገር በደንበኛው ላይ ተጠቀመበት። አዋጁ የጸደቀው ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው። ስለ መረጃ ጥበቃ ያገሪቱ የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር ያኔ መነሣት ነበረበት፤ እኛ ግን ስንስቅ አመለጠን። ትልቁ ባንክ እንዲህ ካደረገ ትናንት የተቋቋመው ፊንቴክ ከማን ይማር?

ይሄ የማፈር ዘዴ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ኬንያን ማየት በቂ ነው። እዚያ በስልክ ብድር የሚሰጡ አፖች ስትጭናቸው የስልክህን ኮንታክት በሙሉ ይወስዱ ነበር። ክፍያ አንድ ቀን ካለፈህ ለአለቃህ፣ ለአማትህ፣ ለቀድሞ ፍቅረኛህ ሳይቀር «እገሌ ብድር አልከፈለም» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ኬንያ በ2019 ሕግ አወጣች፣ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ሾመች፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ኮሚሽነሯ ኬክሬዲትና ፌርካሽ የተባሉ አፖችን የሚያንቀሳቅሰውን ሙላ ፕራይድ የተባለ ኩባንያ በዚሁ ምክንያት 2,975,000 ሽልንግ ቀጣች። ጉግልም ከሜይ 31 2023 ጀምሮ የብድር አፖች ኮንታክትና ፎቶ እንዳይነኩ ከለከለ። እኛም ጋ የስልክ ብድር እየተስፋፋ ነው፤ የባንኮቹም የቴሌብሩም። ጥሩ ነገር ነው፣ መያዣ የሌላት ነጋዴ ብድር አገኘች። ግን አፑን ስትጭኑ «ኮንታክት ልየው?» ሲላችሁ አይሆንም በሉት። ብድር ለመስጠት የአማታችሁ ስልክ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ድሮ ገንዘብ ስንልክ የተቀባዩ ሙሉ ስም ስክሪን ላይ መውጣቱን ደጋፊ ነበርኩ፤ በስህተት ለማይታወቅ ሰው የተላከ ብር ስንቱን አስለቅሷል። አሁን ሳስበው፣ ማንም ሰው ቁጥር በመተየብ ብቻ የማንንም ስም ማውጣት ይችላል ማለት ነው። የኛ ስም ደግሞ እንደ ፈረንጅ ስም አይደለም፤ ከአባትና ከአያት ጋር ሲወጣ የዘር ሐረግ ነው፣ ብዙ ነገር ይናገራል። የራስ ስም ሙሉውን፣ የአባት የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ቢታይ ላኪውም አይሳሳትም፣ ደዋዩም ሌባ «ከነአያቷ» አይጠራትም። አንድ መስመር ኮድ ነው ልጆች!

በፊንቴክ መሥራቾች በኩል ያለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ተማሪዎቼ ናቸውና ይደውሉልኛል። «ቲቸር፣ እኛ ሃያ ሰው ነን፤ ትልልቆቹ የሕግ ክፍልና የደኅንነት ክፍል አላቸው። ደንቡ ሲጠብቅ የምንሞተው እኛ ነን፣ የሚያተርፉት እነሱ ናቸው።» ይሄ ባዶ ስሞታ አይደለም። ወረቀት ብቻ የሚያበዛ ደንብ ትንሹን ይገድላል፣ ትልቁን አይነካውም። ብሔራዊ ባንኩም «ደንበኛህን እወቅ» ይላቸዋል፤ መረጃ ሰብስቡ ማለት ነው። እሺ፣ ይሰብስቡ። ግን ደንበኛን ለማወቅ የመታወቂያው ፎቶኮፒ ወኪሉ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ፣ ከስኳርና ከሳሙናው ጋር ማደር አለበት? ፋይዳ መጥቷል፤ ማንነትን ከሲስተም ወደ ሲስተም ማረጋገጥ ይቻላል። ዋናውን ቁጥር ከመበተን የሚያድን ተለዋጭ ቁጥርም አለው። እኛ ግን አሁንም ካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልካለን። ፓስወርድ ከተሰረቀ ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ግን አይቀየርም።

ደግሞ ያልሰበሰቡትን መረጃ ለመጠበቅ ገንዘብ አይወጣም። ለትንሽ ድርጅት ከዚህ የረከሰ የደኅንነት ዘዴ አላውቅም። ለየሠራተኛው የየራሱን ፓስወርድ መስጠትም በነጻ ነው፤ ሲለቅ መዝጋትም። ሃያ ሰው ያለው ድርጅት ይህን ከሁለት ሺህ ሰው ድርጅት ይልቅ በቀላሉ ያደርገዋል።

ተቆጣጣሪዎቹን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ መረጃውን፣ ብሔራዊ ባንኩ ገንዘቡን፣ ኢንሳ ሳይበሩን ይይዛሉ። የአክስቴ ጉዳይ የሦስቱም ነው። አንድ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሦስት መሥሪያ ቤት እንድትዞር መጠበቅ የለብንም፤ የትኛውም በር ቢንኳኳ መዝገቡ ወደሚመለከተው ይሂድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ቦታውን ይቀይር። ዛሬ «ኮዱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ» ሲባል ጉዳዩ ይዘጋል። ሌባው የድርጅቱን ምሥጢር ይዞ ከደወለ፣ ምሥጢሩ ከኔ አልወጣም ብሎ በሎግ ማስረዳት ያለበት ድርጅቱ ነው። ሎግ ከሌለው ብሩን ይክፈል። እንዲህ ቢሆን በስድስት ወር ውስጥ ሁሉም ሎግ ይኖረዋል፤ እመኑኝ።

አክስቴ አሁን አፑን አጥፍታዋለች። ልጇ ስትልክላት በሰው በኩል ነው፤ ብሩም ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ስንት ዓመት ተለፍቶ ወደ ዲጂታል የመጣች ሴት ተመልሳ ሄደች። «ሣጥኑ ቢያንስ ስሜን ለሰው አይናገርም» ትላለች። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ።

ለድርጅቱ ባለፈው ሰኞ ደብዳቤ አስገብተናል። አንድ ገጽ ነው፣ አንድ ጥያቄ አለው፤ ከዚያ ማክሰኞ ማታ ጀምሮ እስከ ረቡዕ አሥር ሰዓት ድረስ ይህን አካውንት የከፈተ ሠራተኛ አለ ወይ፣ ካለስ ለምን ሥራ ከፈተው? ብሩን እንኳ አልጠየቅንም፤ እሱ ቀጥሎ ይመጣል። የዛሬ ሳምንት መልስ እንሰጣለን ብለውናል። መልሱን ስቀበል እዚሁ እጽፋለሁ፤ ካልመለሱም እጽፋለሁ።

እስከዚያው በፊንቴክ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ያቺን ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቷትና አባላቱን ቁጠሩ። ከናንተ መሃል ስንት ሰው እንደለቀቀ በኢንቦክስ ንገሩኝ።